የሆይ አን አሮጌ ከተማ ትኬት፦ በ120,000 ዶንግ ምን ይታያል?

ቬትናም ውስጥ ሆይ አን የደረሰ ጎብኚ ወደ አሮጌው ከተማ ሲገባ ከትናንሾቹ የትኬት ቤቶች በአንዱ 120,000 ዶንግ ይጠየቃል። አምስት ዶላር ገደማ ነው። አገሬው 80,000 ይከፍላል። የውጭ ዜጋው ትኬት አምስት ቦታ ያስገባል፤ ኩፖኖቹ በየበሩ እየተቆረጡ ያልቃሉ። ምርጫው ከሃያ በላይ ነው፦ የድሮ ነጋዴዎች መኖሪያ ቤቶች፣ የቻይናውያን የማኅበር አዳራሾች፣ ሙዚየሞችና ቤተ መቅደሶች። ከትኬቱ የሚገኘው ገንዘብ ለቤቶቹ ጥገና እንደሚውል ከተማዋ ትናገራለች።

ፍርዱን አስቀድመን እንስጥ፦ ትኬቱ ያዋጣል። ኩፖኖቹን ቅርብ በሆነው በር ላይ የሚጨርስ ሰው ግን የገንዘቡን ግማሽ ይጥላል። ሆይ አን የምትሸጠው «ሳትነካ የቆየች ከተማ» ተብላ ነው። ያልተነካች ግን አይደለችም። ቻይናውያንና ጃፓናውያን ሠርተዋታል፣ ፈረንሳዮች ደልድለዋታል፣ ከሶሻሊስት ፖላንድ የመጣ አርክቴክት ተሟግቶላታል፣ ከዚያ ጃፓኖች ተመልሰው መጥተው አናጺነቱን አግዘዋል። የዛሬው መልኳ የነዚህ ሁሉ እጅ ድምር ነው። ድምሩን ማንበብ የሚቻልባቸው በሮች ጥቂት ስለሆኑ የትኞቹ እንደሆኑ፣ ጥገናው የት እንደሰመረና የት እንደከሸፈ እናሳያለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ድህነት ያቆያት ወደብ

ሆይ አን ከ15ኛው እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቱ ቦን ወንዝ አፍ ላይ የነበረች የንግድ ወደብ ናት። ወንዙ በደለል ሲሞላና ፈረንሳዮች ዳ ናንግን ዋና ወደብ ሲያደርጉ ንግዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ሸሸ። ገንዘብ ሲሸሽ አፍርሶ የሚሠራም ይጠፋል። በቬትናም ጦርነት ጊዜም ከባዱ ጥፋት አልፏታል። በ30 ሄክታር ላይ 1,107 የእንጨት አጽም ያላቸው ሕንፃዎች ተርፈው በ1999 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ አድርጎ መዘገባት። አብዛኞቹ ቤቶች የግል ናቸው፤ ሰው ይኖርባቸዋል ወይም ይነግድባቸዋል። ይህ ለኋላው ክርክር ዋና ነገር ነው።

ካዚክ፦ ኩፖን የማያስፈልገው ቦታ

ትራን ፉ በሚባለው ዋና መንገድ ላይ ባለች ትንሽ የአትክልት ቦታ የአንድ ጺማም አውሮፓዊ ምስል ቆሟል። አብዛኛው ጎብኚ ዞር ብሎም ሳያየው ያልፋል። ሰውየው ካዚሚየሽ ክቪያትኮቭስኪ ነው፤ ቬትናሞች «ካዚክ» ይሉታል። ቦታው በነጻ ነው፤ ጉብኝቱ ቢጀመር የሚሻለውም እዚህ ነው።

ካዚክ በ1981 ቬትናም የገባው ለሆይ አን ብሎ አልነበረም። የፖላንድና የቬትናም መንግሥታት የተስማሙት በጥንታዊው የቻምፓ መንግሥት ቅርሶች ላይ ነው፤ በተለይ ከሆይ አን ወደ ምዕራብ በሚገኘው በሚ ሰን ሸለቆ ባሉት የጡብ ቤተ መቅደሶች ላይ። እነዚያ በነሐሴ 1969 በአሜሪካ ቦምብ ክፉኛ ተመተዋል። የላከው ፔ-ካ-ዜት የተባለው የፖላንድ መንግሥት የቅርስ ጥገና ድርጅት ሲሆን እሱ የሉብሊን ቅርንጫፍ ባልደረባ ነበር።

ስለ ፔ-ካ-ዜት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የሆይ አን ነገር አይገባም። ድርጅቱ በ1950 የተቋቋመው ፖላንድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍርስራሽ በምትነሣበት ወቅት ነው። የዋርሶ አሮጌ ከተማ የገበያ አደባባይ በ1953 ተመልሶ ሲቆም ባለሙያዎቹ የተመሩት ከጦርነቱ በፊት የአርክቴክቸር ተማሪዎች በለኳቸው ንድፎችና ጣሊያናዊው ቤርናርዶ ቤሎቶ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሣላቸው የከተማዋ ሥዕሎች ነበር። ከዚያ ሥራ የወጣው ሙያ በሶሻሊስቱ ዓለም ተፈላጊ ሆነ። የፖላንድ ባለሙያዎች በምሥራቅ ጀርመን ሠሩ፤ ለ1980ው የሞስኮ ኦሊምፒክ የጀልባ ውድድር ስትዘጋጅ በነበረችው በኢስቶኒያዋ በታሊንም ሠሩ። ከምዕራቡም አልተቆረጡም። የ1964ቱን የቬኒስ ቻርተር፣ ማለትም ዓለም አቀፉን የቅርስ ጥገና መመሪያ፣ ካረቀቁት አንዱ ፖላንዳዊው ያን ዛክቫቶቪች ነው፤ ኢኮሞስ የሚባለው የቅርስ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበርም በ1965 የተመሠረተው በዋርሶና በክራኮው ነው። ክራኮው በ1978 ከላሊበላ ጋር በመጀመሪያው የዓለም ቅርስ ዝርዝር ገብታለች። ስለዚህ ፔ-ካ-ዜት ወደ ቬትናም የላከው ሰው የያዘው የ«ሶሻሊስት ቅርስ ጥበቃ» ትምህርት ተብሎ ቢጠራም፣ ውስጡ የጣሊያንም የፈረንሳይም ሐሳብ ነበረበት።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቬትናም በማዕቀብ ሥር ነበረች፣ ቀለብ በራሽን ነበር። እንደ ዋርሶ አደባባይ መልሶ የሚያቆም ገንዘብ አልነበረም፣ ሲሚንቶም እንደልብ አይገኝም። የሆይ አን ቤቶች ጣሪያቸው ያፈስ፣ ምሰሶአቸው ይበሰብስ ነበር። ካዚክ ዋጋቸውን ለአገሩ ባለሥልጣናት ደጋግሞ በማስረዳቱ ስሙ እስከዛሬ ይነሣል። ከተማዋ በ1985 ብሔራዊ ቅርስ ተብላ ተመዘገበች፤ በ1990 ስለ እሷ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደረገ። እሱ ግን የ1999ኙን ምዝገባ ሳያይ በ1997 ሁዌ ከተማ ውስጥ በሥራ ላይ ሳለ ሞተ።

እንደ እኛ ግምት ትልቁ ውለታው በሆይ አን እንደ ሚ ሰን ጡብ ያለመደርደሩ ነው። ጥበቃው የጀመረው በመሥራት ሳይሆን በመመዝገብና ባለመፍረስ ነው። ገንዘብ ቢኖር ኖሮ ምን ይደረግ እንደነበር ማሰብ ያስፈራል።

አንድ ቤት እንዴት ይጠገናል

ሆይ አን ውስጥ በዘፈቀደ አንድ በር ቢገቡ ቤቱ ጠባብና እጅግ ረጅም ነው። ፊቱ ሱቅ፣ መሐሉ ሰማይ የሚታይበት ትንሽ ግቢ፣ ኋላው መኖሪያና ዕቃ ቤት፣ አንዳንዴም ጀርባው ወንዝ ዳር ይወጣል። ሸክሙን የሚሸከመው ግድግዳው ሳይሆን የእንጨት አጽሙ ነው። ምሰሶዎቹ መሬት ውስጥ አይቀበሩም፤ በተጠረበ የድንጋይ እግር ላይ ይቆማሉ፣ እርጥበትና ምስጥ በቀላሉ እንዳይወጣባቸው። አግዳሚዎቹ በምስማር ሳይሆን አንዱ ጫፉ ተቀርጾ በሌላው ቀዳዳ ውስጥ በመግባት ይያያዛሉ። ክዳኑ «ያንግና ዪን» የሚባለው ነው፦ ጎድጓዳ ሸክላ ወደ ላይ ተንጋሎ ይደረደራል፣ ሌላው ተደፍቶ መጋጠሚያውን ይሸፍናል፣ በኖራ ጭቃ ይያዛል። ግድግዳው በኖራ ይለሰንና በዚያ በታወቀው ቢጫ ቀለም ይቀባል።

በአግባቡ ሲጠገን ቅደም ተከተሉ የማይዘለል ነው። መጀመሪያ ቤቱ ይለካል፣ ይሣላል፣ ፎቶ ይነሣል፤ እያንዳንዱ እንጨት ቁጥር ይለጠፍበታል። ከዚያ በላዩ ላይ ጊዜያዊ ጣሪያ ይሠራል። ይህን የሚዘሉ ሰዎች ክረምት ሲመጣ የተከፈተ እንጨት ዝናብ ያጠግባሉ፤ ከጥገናው በፊት ያልነበረ ብስባሽ ይጀምራል። ቀጥሎ ክዳኑ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሸክላው አንድ በአንድ በጣት እየተመታ ይለያል፣ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ይመለሳል፣ ድፍን የሚለው ስንጥቅ ስላለው ይጣላል። የድሮው ሸክላ በመንገድ በኩል ባለው ተዳፋት፣ አዲሱ በግቢው በኩል ቢደረደር የመንገዱ መልክ አይለወጥም።

አጽሙ ሲፈታ ወሳኙ ቦታ የምሰሶው እግር ነው። ብስባሹ ሁልጊዜ ከድንጋዩ በላይ ባለው ክፍል ይጀምራል፤ የጎርፍ ውኃ ሰርጎ የሚቆየው እዚያ ስለሆነ። መላውን ምሰሶ መቀየር ቀላል ነው፤ ስህተትም ነው። ትክክለኛው ሥራ የበሰበሰውን ቆርጦ ማውጣት፣ አዲስ እንጨት በደረጃ ቅርጽ ተሞርዶ እንዲገጥም ማድረግና በእንጨት ሽብልቅ ማጥበቅ ነው። ለምሰሶ ጃክፍሩት ወይም ብረት የመሰለው የሊም እንጨት ይመረጣል። የተተካው እንጨት ደርቆ መግባት አለበት፤ ውስጡ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ካልወረደ ሻጋታ ይበላዋል፤ በኋላም ሲደርቅ ስለሚኮማተር መጋጠሚያው ይላላል። ብዙ የጥገና ውል ጊዜው አጭር ስለሆነ እርጥብ እንጨት ይገባል። ጥፋቱ የሚታየው ከሁለትና ሦስት ክረምት በኋላ ነው፤ ያኔ ተቋራጩ ሄዷል።

በዚህ ሥራ የፖላንዶቹንና የጃፓኖቹን ድርሻ መለየት ይቻላል። ፖላንድ የሠለጠነችው በጡብና በልስን ነው። እንጨትን ፈትቶ፣ ቆጥሮ፣ የበሰበሰውን ብቻ ቀይሮ መልሶ መግጠም የጃፓን የዘመናት ልምድ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሾዋ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የጃፓን መንግሥት ባለሙያዎች ወደ ሆይ አን መጥተው ያንን ልምድ አመጡ። በ1994 በጃፓኗ ናራ ከተማ የወጣው ሰነድም የእንጨት ሕንፃ «እውነተኛነት» በድንጋይ ሕንፃ መለኪያ እንዳይለካ ከተሟገቱት ዋናው ነው። ስለዚህ ከተማን በሙሉ እንደ አንድ ቅርስ ማየቱ ከአውሮፓ መጣ፣ የምሰሶው አቆራረጥ ከጃፓን ተጠና፣ መጋዝና መሮውን የያዘው ግን ከወንዙ ማዶ ያለው የኪም ቦንግ መንደር አናጺ ነው። አስጎብኚዎች ስለ ሦስተኛው ብዙ አይናገሩም፤ ያለ እሱ ግን ሌሎቹ ሁለቱ ወረቀት ላይ ይቀሩ ነበር።

አሁን ስለሚበላሸው። አንደኛው ጠላት ሲሚንቶ ነው። የኖራ ልስን ውኃ ያስገባል፣ ያስወጣልም። ከጎርፍ በኋላ ግድግዳው በሳምንታት ውስጥ ይደርቃል። የሲሚንቶ ልስን ግን ውኃውን ወደ ኋላ ይዘጋዋል፤ እርጥበቱ ወደ እንጨቱ ይሄዳል፣ ጨው ጡቡን ያፈርሰዋል፣ ልስኑም በትልልቅ ቅርፊት ይወድቃል። የፕላስቲክ ቀለምም እንዲሁ ነው። በጣት ጫን ብሎ መለየት ይቻላል፦ የኖራ ቀለም ጣት ላይ ዱቄት ይተዋል፣ የፕላስቲኩ ልሙጥ ነው፤ ከታች በኩል አረፋ የመሰለ እብጠት ካለበት ጉዳዩ አልቋል። የጎንደርን ፋሲል ግቢ ለሚያውቅ ይህ አዲስ ነገር አይሆንም፤ በ1930ዎቹ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የገባው ሲሚንቶ በኋላ ወጥቶ ኖራ ተመልሷል።

ሁለተኛው ጠላት ክዳኑን በሲሚንቶ ማሠር ነው። ሲሚንቶ አይለጠጥም፤ እንጨቱ በዝናብና በፀሐይ ሲንቀሳቀስ ሸክላው ይሰነጠቃል። ሦስተኛው ከውጭ አይታይም፦ ሁለት ቤት ገዝቶ የጋራውን ግድግዳ በማፍረስ አንድ ትልቅ ሱቅ ማድረግ፣ ወይም መሐል ያለውን ግቢ በቆርቆሮ ሸፍኖ ወንበር መደርደር። ግቢው ሲዘጋ ነፋስ ይቆማል፣ ቤቱ ከውስጥ መሻገት ይጀምራል። የግቢው ክፍት ሰማይ የጥገናው አካል እንደሆነ የሚያስብ ተከራይ ጥቂት ነው።

ድልድዩ፦ የሁሉም ክርክር ማዕከል

የጃፓኖች ድልድይ በ20,000 ዶንግ ኖት ላይ ያለው ነው። በድንጋይ ምሰሶዎች ላይ የቆመ፣ ጣሪያ ያለው የእንጨት ድልድይ ሲሆን በአንድ ጫፉ የውሻ፣ በሌላው የዝንጀሮ ምስሎች ተቀምጠዋል። በ1719 የንጉየን መስፍን «ላይ ቪየን ኪየው» የሚል ስም ሰጠው። በጎኑ ወዳለችው ትንሽ ቤተ መቅደስ መግባት ኩፖን ያስቆርጣል።

እዚህ ቆም ብሎ መሬቱን ማየት ይገባል። ፈረንሳዮች መኪና እንዲያልፍ ብለው የድልድዩን ቅስት ወለል ደልድለውት ነበር። በ1986 በተደረገው ጥገና ቅስቱ ተመለሰ። ጎብኚ ሁሉ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ እኛ ግን እንጠረጥራለን። የቬኒስ ቻርተር አንቀጽ 11 በአንድ ቅርስ ላይ የሁሉም ዘመን ዋጋ ያለው አሻራ ይከበር፣ የጥገና ዓላማ አንድ ወጥ መልክ መፍጠር አይደለም ይላል። የቅኝ ግዛቱ ጥፍጣፌ ወለል ውብ ባይሆንም የከተማዋ ታሪክ ነበር። በሌላ በኩል ድልድዩ ሲሠራ ቅስት እንደነበር የማይካድ ነው፣ ለሰውም አካሄድ ይመቻል። ከነጻነት በኋላ የቅኝ ገዢን እጅ ማጥፋት የሚፈልግ አገር ቻርተሩን እንዲህ ባለ ቦታ ላይ እንደሚጥሰው ሌላም ቦታ ታይቷል። የተመለሰው ቅስት ከሌለው ይልቅ ለዓይን ይሻላል፤ ለንጹሕ የሙያ ሕግ ግን ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የቅርብ ነው። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ድልድዩ ተፈትቶ በተሠራለት ትልቅ መጠለያ ሥር ተጠገነ፤ ወጪው ከ20 ቢሊዮን ዶንግ በላይ ነበር፤ በነሐሴ 2024 ተከፈተ። በሥራው ወቅት ሰው ገብቶ እንዲያይ መፈቀዱ የሚመሰገን ነው፤ ጥገናን ከድንኳን ጀርባ መደበቅ የተለመደ ነውና። ሲከፈት ግን ኢንተርኔቱ «አዲስ ሆነ፣ ነፍሱ ወጣች» በሚል ጩኸት ተሞላ። ቀለሙ ደምቋል፣ ክዳኑ ንጹሕ ነው። ይህን ቅሬታ በከፊል ብቻ እንቀበላለን። አዲስ የኖራ ቀለም ሁልጊዜ ይጮኻል፤ በዚያ አየር ሁለት ዝናብ ሲወርድበት ይሞታል። ዝንጉርጉሩን ሻጋታ «ጥንታዊነት» ብሎ መውደድ የጎብኚ ችግር እንጂ የሕንፃው አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው ከድሮው እንጨት ምን ያህሉ ተመለሰ የሚለው ነው፤ ድልድዩ ላይ ሲቆሙ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰሌዳ ቢኖር ትኬቱ ዋጋው በእጥፍ ያድግ ነበር።

አምስቱ ኩፖኖች

የመጀመሪያውን በትራን ፉ 80 ባለው የንግድ ሸክላ ሙዚየም ላይ ያውሉ። ሸክላው አብዛኛው ስብርባሪ ነው፤ ሰው ሁሉ በአምስት ደቂቃ ይወጣል። ዋናው ነገር ግን ስለ ቤቶቹ አጠጋገን ያለው ትንሽ ኤግዚቢሽን ነው፦ የአጽም ንድፎች፣ የመጋጠሚያ ዓይነቶች። እዚህ ግማሽ ሰዓት የቆየ ሰው ሌሎቹን ቤቶች ዓይኑ ተከፍቶ ያያል። ቅደም ተከተሉን አይገልብጡት።

ሁለተኛው የታን ኪ ቤት ነው፣ ንጉየን ታይ ሆክ 101። ፊቱ በዚህ መንገድ ሲሆን ጀርባው በወንዝ ዳር ወዳለው ባክ ዳንግ ይወጣል፤ ዕቃ ከጀልባ ወርዶ በኋላ በር ይገባ ነበር። ከኋላ ያለውን ግድግዳ ይፈልጉ፤ የየዓመቱ የጎርፍ ከፍታ ምልክት ተደርጎበታል፣ ከሰው ራስ በላይ ያሉ አሉ። የምሰሶዎቹን እግር ጎንበስ ብለው ቢያዩ ቀለሙ የተለየ እንጨት የገባበትን መስመር ያገኛሉ። ቤተሰቡ ሻይ ይጋብዛል፣ ጉብኝቱ ግን ፈጣን ነው፤ ቡድን ሲበዛ አስጎብኚዋ እየገፋች ታስወጣለች። ጠዋት ሲከፈት ይግቡ።

ሦስተኛው ከድልድዩ ማዶ ያለው የፉንግ ሁንግ ቤት ነው፦ 80 የብረት እንጨት ምሰሶዎች። እዚህ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥተው ወለሉ ላይ ያለውን ክፍት መዝጊያ ይዩ። ውኃ ሲመጣ ሸቀጡ በዚያ ቀዳዳ በገመድ ይሳባል። ከማንኛውም የቅርስ ሰሌዳ በላይ የከተማዋን ኑሮ የሚያስረዳው ይህ የእንጨት ክዳን ነው፤ ከፎቁ በታች ግን የጥልፍ ሽያጭ ይጠብቅዎታል።

አራተኛው ንጉየን ታይ ሆክ 33 ያለው የባህል ሙዚየም ነው። ዕቃዎቹ መካከለኛ ናቸው። ቤቱ ግን 57 ሜትር ርዝመት አለው፤ ከፊት ቆሞ ወደ ኋላ ማየት ራሱ የረጅም ቤት ትምህርት ነው።

ለአምስተኛው፣ በትራን ፉ 46 ያለው የቻይናውያን ማኅበር የፉክ ኪየን አዳራሽ ሁሉም የሚሄድበት ነው። ሦስት ቅስት ያለው ጌጠኛ በሩ በሺህ ፎቶ ይነሣል፤ የተሠራው በ1975 ነው። ውስጥ ያለው የባሕር እመቤቷ የቲየን ሃው መቅደስና የተንጠለጠሉት የእጣን ጥቅልሎች ቆንጆ ናቸው። ቻይናውያን ስደተኞች ማኅበራቸውን እንዴት እንደያዙ ለማየት ይጠቅማል፤ ስለ ጥገና ብቻ ከሆነ ግን ኩፖኑን ለድልድዩ ቤተ መቅደስ ቢያውሉት ይሻላል።

የማይመሰገነው

የመንገዱ ገጽ በጥብቅ ተጠብቋል። ቤቶቹ በደረጃ ተከፍለዋል፤ ከፍ ያለ ደረጃ ያለው ቤት ለጥገና የመንግሥት ድጎማ ያገኛል፣ መጠኑም ቤቱ ዋና መንገድ ላይ ነው ወይስ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ በሚለው ይለያያል። ይህ ብልህ አሠራር ነው፤ በመተላለፊያ ውስጥ ያለ ቤት የሱቅ ኪራይ ስለማያገኝ ተጨማሪ ድጋፍ ይፈልጋል። የከሸፈው ሌላ ነው። ከ1986 የኢኮኖሚ ለውጥ በኋላ፣ ይበልጡንም ከዩኔስኮ ምዝገባ በኋላ፣ በዋና መንገዶች ያሉ ቤቶች ልብስ ሰፊ፣ ፋኖስ ሻጭና ካፌ ሆኑ። ኪራዩ ስለሚያጓጓ ባለቤቱ ከከተማ ወጥቶ ይኖራል። ሌሊት መብራት የሚጠፋበት ፎቅ በዛ። ሰው የማይተኛበት ቤት ምስጥ ቶሎ ይገባበታል፤ ማታ የሚሰማ፣ ጠዋት የሚጠርግ የለምና። በራሽን ዘመን ቤቶቹን ያቆየው በውስጣቸው የሚኖረው ሰው ነበር፤ የገበያው ዘመን ጣሪያውን አድሶ ሰውየውን አስወጣ። ይህንን ትኬቱ አያስተካክልም።

የትኬቱ አሠራር ራሱም ግልጽ አይደለም። በ2023 ወደ አሮጌው ከተማ የሚገባ ሁሉ ትኬት ይግዛ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ከፍተኛ ተቃውሞ ስለገጠመው ተለሳለሰ። አሁንም አንዱ መግቢያ ላይ ይጠየቃሉ፣ ሌላው ላይ ማንም አያስቆምዎትም። በመንገዱ ለመራመድና ምግብ ለመብላት ብቻ ከመጡ ይህን በትሕትና መናገር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቤት ውስጥ ለመግባት ግን ያለ ኩፖን አይሆንም።

ሰዓቱን በተመለከተ፦ ሞተር ሳይክል የሚከለከለው ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት፣ ከዚያም ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ለሕንፃ የሚመጣ ሰው ከዚያ በፊት፣ ከንጋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ትራን ፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሂድ፤ ቤቶቹ ተዘግተው መዝጊያዎቻቸው፣ ከበሩ በላይ ያሉት «ዓይኖች» የሚባሉት የእንጨት ጌጦች፣ የክዳኑ ጠርዝ በሙሉ ይታያሉ። በጨረቃ ወር 14ኛ ሌሊት መብራት አጥፍቶ በፋኖስ ማብራት ከ1998 ጀምሮ የተለመደ ነው፤ ቢያምርም ሕዝቡ ስለሚበዛ ግድግዳ ማየት አይቻልም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የጎርፍ ወቅት ነው፤ በ2025 ጥቅምት መጨረሻም ከተማዋ በውኃ ተጥለቅልቃለች። በዚያ ጊዜ የሚሄድ ሰው የሚመለስ የአውሮፕላን ትኬቱን ቀን የሚለዋወጥ ያድርገው፤ ከዳ ናንግ የሚያመጣው መንገድ ሊዘጋ ይችላል።

አንድ ኩፖን ከተረፈ ለባህል ሙዚቃ ትርዒቱ ይሰጣል፤ ሰዓቱን ትኬቱን ሲገዙ ይጠይቁ፣ አዳራሹ ትንሽ ስለሆነ ቀድመው ይግቡ።